ቴክ ብቻውን የወጣ ቀን

ዲልማያ ዓይኗን ጨፈነች እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሌሊቱን ሙሉ መጦሪያው ውስጥ አሮጊትና ሽማግሌ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ኮሪደሩን ስትመላለስ አድራ የገባች ሰው ጀርባዋ ፍራሽ ሲነካ ድብን ብላ መተኛት ነበረባት፤ ሌላ ቀን እንደዚያ ነው የምትሆነው፤ ዛሬ ግን መጋረጃውን ዘግታ፣ ስልኳን ጆሮዋ ሥር ሸጉጣ፣ ከታች መንገድ ላይ የሚያልፈውን ብስክሌት ሁሉ እየሰማች ትገላበጣለች። ከጎኗ ተዘርግቶ የሰነበተው የወንድሟ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ራሱ ነው የጠቀለለው። ነጩ በትር ከበሩ ኋላ የለም፤ ጫማው የለም፤ ቴክ ወጥቷል። ብቻውን። ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ ቋንቋውን በማያውቅበት አገር፣ ዓይኑ የማያይ ልጅ ብቻውን ወጥቷል፤ ያስወጣችውም እሷ ናት። ልጅ ትለዋለች በልቧ። የምን ልጅ! ሃያዎቹን አጋምሷል፣ ጺሙን ራሱ ይላጫል፣ በአገራቸው ፖክራ ከተማ ውስጥ ተራራ ወጥተው የሚመለሱ ፈረንጆችን እግር የሚያሽ የታወቀ ወጌሻ ነው። እሷ ግን ስሙን በጠራች ቁጥር የሚመጣባት ያ በተራራማው የትውልድ መንደራቸው ባግሉንግ ሳሉ፣ ገደል ለገደል በሚሄደው መንገድ ላይ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ ከኋላዋ ኩስ ኩስ የሚለው ትንሽ ልጅ ነው። እሷ ከፊት ሆና ትናገራለች፦ ድንጋይ፤ ጭቃ፤ ላም፤ እግርህን አንሳ። ቴክ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ትኩሳት ዓይኑን ከወሰደበት ጀምሮ መንገዱ የሷ አፍ ነበረ።

ጠዋት ከሥራ ስትገባ ሻይ አፍልቶ ነው የጠበቃት።

«ዛሬ የወንድምና የእህት ቀን ነው፣ እትዬ» አላት። «ግንባሬን ትቀቢኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ስጦታ እሰጥሻለሁ። ልገዛልሽ መውጣቴ ነው።»

«ትንሽ ልተኛና አብረን እንወጣለን።»

«ስጦታ የሚገዛላት ሴት ክንድ ይዛ ገበያ ትዞራለች እንዴ? ምኑ ላይ ነው ስጦታነቱ?»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ሁለት ዕውር ሆነን ልንሄድ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብሎ ቆጠረላት። ከደረጃው ሲወርድ ወደ ግራ፤ መሬቱ ላይ የተነጠፈውን ጉብጉብ ያለ ቢጫ መስመር በእግሩ እየዳሰሰ እስከ መብራቱ፤ መብራቱ የወፍ ድምፅ ሲያሰማ መሻገር፤ ከዚያ የከተማዋን ባቡር መያዝ፤ ጣሪያ ያለው የገበያ መንገድ ጋ መውረድ። «አዙረሽኝ አዙረሽኝ እግሬ ሸምድዶታል።»

«ብትጠፋስ?»

«እጠይቃለኋ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በነሱ ቋንቋ 'ይቅርታ' ብዬ ፈገግ እላለሁ። አንቺስ ዘጠኝ ዓመት የኖርሽው በዚህችው አይደል?»

እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ባንክ ቤት ቆማ ፈገግ ብላለች፤ ቀበሌ ቆማ ፈገግ ብላለች፤ ቆሻሻ የሚቃጠለውንና የማይቃጠለውን፣ ጠርሙሱንና የጠርሙሱን ክዳን ለይታ እያንዳንዱን በተመደበለት ቀን ማውጣት እንዳለባት የማይገባት ጊዜ፣ ጎረቤቶች የከረጢቷን ሆድ ዕቃ መንገድ ላይ ዘርግተው ሲያስረዷት እንኳ ፈገግ ብላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤት ትደውልና «ደህና ነኝ» ትላለች። ቤቴ ሰፊ ነው ትላለች። ቴክ ከስልኩ ማዶ ሆኖ፣ «ድምፅሽ ቶሎ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል» ይላታል። ያን ሁሉ ወረቀት አሟልታ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንታ፣ ይሄንን ቢያስፈርሟት ያንን ቢመልሱባት፣ በመጨረሻ ቪዛው ወጥቶ የመጣ ዕለት፣ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ ሁለቱም ግድግዳ ነኩ። «ሰፊው ቤተ መንግሥትሽ ይሄ ነው?» አለ። ሳቁ ግን ክፉ አልነበረም። እሷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ እሱ ግን ወዲያው ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ማሰሮው የት እንዳለ፣ ማንኪያው የት እንዳለ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈት ሲያጠና አመሸ፤ በማግስቱ ቁርስ የሠራው እሱ ነው።

ማሳየቱን አላወቀችበትም ነበር፤ ለማያይ ሰው አገር እንዴት ይታያል? የከተማዋ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፊት አቁማው፣ «ጥቁር ነው፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ የወርቅ ዓሣ አለ» ስትለው፣ «እትዬ፣ ጥቁር ምን እንደሆነ ረስቻለሁ፤ ይልቅ አስነኪኝ» አላት። እጁን ይዛ ግንቡ ሥር ወሰደችው፤ ድንጋዩን በመዳፉ ሙሉ እያሻሸ ሲሄድ አንድ ዘበኛ መጣ፤ ሊከለክል ነው ብላ ደንግጣ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ድንጋይ ይበልጣልና እሱንም ይንካው አለ። ባሕሩን የሚሻገረው ባቡር ላይ ወጥተው ነበር፤ እሷ ደሴቶቹን እየቆጠረች «ያውና አንድ፣ ያውና ሌላ» ትላለች፤ እሱ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ድንገት እጇን ጨበጠና «አሁን ከሥራችን መሬት የለም!» አለ፤ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ ባዶ ሆኖ ነበር፤ እሷ ስንት ጊዜ አልፋበት ሰምታው አታውቅም። በዚያች ሰዓት ደስ አላት። እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ ብታስብ ብታስብ አይመጣላትም። አሁንም ያንን እያሰበች ትራሱን ትገለብጣለች፤ ቀዝቃዛው ጎኑ ጉንጯን ሲነካት ትንሽ ይሻላታል። ወደ ባሕሩ ስንሄድ ቀዝቅዞ ነበር፤ ዛሬስ? ምን ለብሶ ወጣ?

ትናንት ግን፣ ትናንት ነው ልቧ የተንጠለጠለው። ሳትነግረው ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችው። ዓይነ ስውራን ማሳጅ የሚማሩበት የቆየ ትምህርት ቤት ነው፤ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ ሽበታም መምህር እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው፤ ክፍሉን፣ አልጋዎቹን፣ የሰው አጥንት ቅርጽ የቆመበትን ጥግ አሳያቸው፤ ቴክና መምህሩ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየጫኑ፣ እዚህ ጋ፣ አይ እዚህ ጋ እየተባባሉ፣ እንደ ልጅ ሲሳሳቁ ዲልማያ በር ላይ ቆማ በሐሳቧ ሁሉን ጨረሰችው፤ ከወንዙ ማዶ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ትከራያለች፤ ጠዋት ታደርሰዋለች፤ ማታ ታመጣዋለች፤ የነጠላዋን ጫፍ ትሰጠዋለች፤ ለቀቅ አድርጋው የሄደችበት ያ ሁሉ ዓመት ይካካሳል። ሲመለሱ መንገድ ላይ ነገረችው። «እዚህ ቅር፣ ቴክ። ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ።» ብዙ ተራመደ። «ላስብበት፣ እትዬ» አለ። «ላስብበት» ማለት እሺ ነው ወይስ እምቢ? በነሱ ቤት አባታቸው «ላስብበት» ካሉ አበቃ ማለት ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ለጥቂት ቀን ሄዳ ነበር፤ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ቴክ በሰው መሀል ተቀምጦ፣ አንድም ቀን በቅጡ ሳያወሩ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው እናቷና ቴክ መንደሩን ትተው ፖክራ የገቡት፤ ያንን ቤት በዓይኗ አላየችውም።

ስልኳ ጮኸ። ከፍራሹ ላይ ተፈናጥራ ተነሣች። ቴክ አይደለም፤ እናቷ ናት።

«ቀባሽው?» አለች እናቷ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ገና ነው፣ እማ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጥሩው ሰዓት በሬዲዮ ተነግሮ የለም እንዴ!»

«የኛ ሰዓትና የዚህ ሰዓት አንድ አይደለም፣ እማ።»

«ለአምላክም ሰዓት ይለያያል በይኛ! ስጪኝ እስቲ እሱን።»

ዲልማያ ልትዋሽ አሰበች። ተኝቷል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወጥቷል፤ ገበያ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻውን።»

ዲልማያ ቁጣውን ለመቀበል ዓይኗን ጨፈነች።

«ሹራብ ደርቧል?» አለች እናቷ።

«እማ! ብቻውን ነው የወጣው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«ሰማሁሽ፣ አልደነቆርኩም። እዚህስ ከማን ጋር የሚወጣ መሰለሽ? ይልቅ እሱ ነው እኔን ይዞኝ የሚዞረው። እኔ ፖክራን ያለ እሱ የት አውቃታለሁ? አውቶቡሱን ገና ሳይደርስ በድምፁ ይለየዋል። ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ ሐኪም ቤት ወስዶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ይዞ ያሳከመኝ እሱ ነው።»

«አልነገራችሁኝም።»

«መች ጠየቅሽ? አንቺ ስትደውዪ በላ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ አመመው ወይ ነው። ምን ይሠራል ብለሽ ታውቂያለሽ?» ድምጿ ለዘብ አለ። «አይዞሽ። ልጁ ሰው ሆኗል። ደግሞ ሱንታሊም ስላለች...»

«ሱንታሊ ማናት?»



«አልነገረሽም እንዴ?»

«ማናት፣ እማ?»

«ውይ፣ ወተቱ ገነፈለብኝ!» ብላ እናቷ ስልኩን ዘጋችው።

ዲልማያ ፍራሹ መሀል ተቀምጣ ስልኩን አየችው። ሱንታሊ። በነሱ አገር ብርቱካን ማለት ነው፤ ቆንጆ ስም ነው፤ ቆንጆነቱ አናደዳት። ስለዚህ ነዋ «ላስብበት» ያለው። ስለዚህ ነዋ ማታ ማታ ኮሪደር ወጥቶ በስልክ ሲያንሾካሹክ የነበረው፤ እሷ ደግሞ ከእማ ጋር መስሏት! በሐሳቧ የተከራየችው ባለሁለት ክፍል ቤት፣ ጠዋት የምታደርሰው፣ ማታ የምታመጣው፣ ሁሉም ከዓይኗ ፊት ተነነ፤ ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው፣ የሆነ ነገር ከትከሻዋ ላይ ወረደ። በላ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ አመመው ወይ። እውነቷን ነው። እንደ በሽተኛ ነው ስጠይቅ የኖርኩት፤ መጦሪያው ውስጥ ፈረቃ ስረከብ እንኳ እንደዚህ ነው የምጠይቀው። በዓይኗ ልታየው ዘላ ተነሣች፤ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ወረደች።

ደረጃው ሥር የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሺገኮ ቅጠል ይጠርጋሉ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ወገባቸው ጎብጧል፤ ምላሳቸው ግን አልጎበጠም። «ል» የሚለውን ድምፅ ስለማይችሉት «ዲሩማያ» ነው የሚሏት።

«ዲሩማያ፣ ወንድምሽ ከአንቺ ይሻላል፤ ቆሻሻ አለያየቱን በሁለት ቀን ነው የቻለበት።»

«ሲወጣ አይተውታል፣ እማማ?»

«አየሁት እንጂ፤ ደህና ዋሉ አለኝ። ሲሰግድ ግን ለኔ ሳይሆን ለፖስታ ሣጥኑ ነው የሰገደው።» መጥረጊያቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺስ ወዴት ነው?»

«ዳቦ ልገዛ።»

«ዳቦ ቤቱ በዚያ በኩል ነው።»

ዲልማያ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ ሳቁ።

«ልጄ ገና አራት ዓመቱ እያለ ለእራት ቶፉ ግዛ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ላክሁት። ከኋላ ከኋላው፣ ከአንዱ የመብራት እንጨት ወደ አንዱ እየዘለልኩ ተከተልኩት። ዝናብ ነበር። እሱ ቶፉውን ይዞ በደህና ገባ፤ እኔ ሳንባ ምች ያዘኝ።» መጥረጊያቸውን አነሡ። «ካፖርትሽን ቆልፊ።»

መብራቱ ጋ ደርሳ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆመች። ባቡሯ መጣች፤ ሰው ወረደ፤ ቴክ የለም። ሌላ ባቡር መጣች፤ የትምህርት ቤት ልጆች ወረዱ፣ አንድ ውሻ ያቀፉ ሴትዮ ወረዱ፤ ቴክ የለም። ለምን ፈቀድኩ? እያለች፣ ደግሞ፣ ፈቃዱስ መች የኔ ሆነና እያለች። ትንሽ ሳሉ ለበዓል የመንደሩ ወጣቶች ቀርከሃ ተክለው ረጅም ዥዋዥዌ ያቆሙ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ሰማይ እስኪነካ ይወዛወዛል፤ ቴክ «እኔም፣ እኔም» ይላል፤ እሷ እጁን ይዛ «አንተ አትችልም» ትላለች፤ ገመዱ ሲያቃስት፣ ልጆቹ ሲንጫጩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይሰማል፤ በዓሉ እስኪያልፍ እንደዚያ ነው። አሁን ያ ፊት ይመጣባታል። ኩኩ ይላል መብራቱ፤ ሰዎች ይሻገራሉ፤ ዝም ይላል፤ መኪና ያልፋል።

ሦስተኛዋ ባቡር ቆመች። መጀመሪያ የወጣው ነጩ በትር ነው።

ቴክ ወረደ። በብብቱ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ አፉ ውስጥ የሚያኝከው ነገር አለ። አንዲት ሴትዮ ከኋላው መጥተው እጅጌውን ይዘው ይጎትቱት ጀመር፤ እሱ ቆም ብሎ እጃቸውን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና በተራው ክርናቸውን ያዘ፤ እንዲህ ነው የሚያዘው ብሎ ያስተማራቸው ይመስል፤ ሴትዮዋም ደስ ብሏቸው አብረው ተሻገሩ። እዚህ ማዶ ሲደርሱ ቴክ ወገቡን አጥፎ ሰገደ፤ ሴትዮዋ ሰገዱ፤ እሱ ደገመ፤ እሳቸውም ደገሙ፤ ዲልማያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ያዘች። ከዚያ ቢጫውን መስመር በበትሩ አግኝቶ ወደ እሷ አቅጣጫ መምጣት ጀመረ። መስመሩ ላይ አንድ የማይረባ ሰው ብስክሌት አቁሞበታል። አንድ እግሯን አነሣች፤ አፏ ተከፈተ፤ «ብስክሌት!» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። በትሩ ብስክሌቱን ነካ። ቴክ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ኮርቻውን ዳሰሰ፤ መሪውን ዳሰሰ፤ ደወሉን ሲያገኘው ፊቱ በራ፤ ቂርንግ ቂርንግ፣ ሁለት ጊዜ ደወለው፤ ከዚያ ዞሮ አልፎት መስመሩን እንደገና ያዘና መንገዱን ቀጠለ።

ዲልማያ አፏን ገጠመች።

በእጇ ልትነካው በምትችልበት ርቀት አጠገቧ አለፈ፤ የተጠበሰ ነገር ይሸታል፤ በአፍንጫው ዜማ ይዟል፤ አልጠራችውም። ዕድሜዋን ሙሉ ከፊቱ ሆና ስትመራው ኖራ፣ ብቻውን ሲሄድ ፊቱ ምን እንደሚመስል አይታው አታውቅም ነበር። ትከሻው ወደ ኋላ ይላል፤ አገጩ ቀና ይላል፤ ቅንድቡ የሚሰማውን ሁሉ ይከተላል፤ አባታቸውን ይመስላል፤ አባታቸው ከብት ሸጠው ደስ ብሏቸው ሲገቡ እንደዚህ ነበሩ። እንባዋ መጣ፤ የኀዘን አይደለም፤ ግን መጣ።

ከዚያ ትዝ አላት፤ ቤት ቀድሟት ሊገባ ነው! በጀርባው ቅያስ ሮጠች፤ የአንድ ሰውዬ የአበባ ማሰሮ ልትገለብጥ ነበር፤ በወይዘሮ ሺገኮ ፊት ጎንበስ ብላ አልፋ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጥታ፣ ካፖርቷን ወርውራ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ገባች። በሩ ተከፈተ። ቴክ ጫማውን አወለቀ፤ በትሩን አስቀመጠ፤ ቆመ።

«እትዬ።»

ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበች።

«የተኛ ሰው እንዲህ አይተነፍስም።»

«ሕልም አይቼ ነው» አለች ከብርድ ልብሱ ሥር።

«ሕልሙ ደረጃ ነበረበት?»

ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ ሳቀች፤ እሱም ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የት ድረስ እንደተከተለችው አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ታጥባ፣ ከአገሯ ያመጣችውን ቀይ ልብስ ለበሰች። ቴክ ወለሉ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። በሰናፍጭ ዘይት የራሰ ሣር ይዛ፣ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገች ዙሪያውን ዞረችው፤ ሞት ይህን ክብ እንዳያልፍ። ክፉ ነገር እንዲሰበር፣ የበሩ ደፍ ላይ ዋልነት የሚባለውን ጠንካራ ፍሬ በመጥበሻ ቂጥ መታችው፤ አልሰበር አለ፤ ደገመችው፤ ተፈረከሰ፤ ከታች ወይዘሮ ሺገኮ «ምንድን ነው የፈረሰው?» ብለው ጮኹ። በግንባሩ ላይ ሰባቱን ቀለም አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች ነጠበችለት፤ በየቀለሙ ስሙን እየነገረችው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፤ ጣቷ ሲያርፍበት ዝም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የቢጫ አበባ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ነበር፤ «ቀብቼሃለሁ በል»፣ «እሺ ተቀብቻለሁ»፤ ዛሬ ግንባሩ ሞቃት ነው፤ ከጣቷ ሥር ደም ሥሩ ይመታል።

ስጦታውን አቀበላት። ጫማ ነው፤ ወፍራም ሶል ያለው፣ ነጭ፣ ለሌሊት ቆሞ ለሚሠራ ሰው የሚሆን። ልክ ሆነላት።

«ቁጥሬን ማን ነገረህ?»

«አሮጌውን አንድ እግር በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ላይ ቀስሬ ፈገግ አልኩ።» እግሯን ሳብ አድርጎ ቁርጭምጭሚቷን ጫን አለው። «ማታ ማታ ያብጣል። ስትራመጂ ይሰማኛል።»

እግሯን አልሰበሰበችም። «ሱንታሊ ማናት?» አለች።

እጁ ቆመ።

«እማ ደወለች?»

«ወተት ገነፈለባት።»

«እማ ወተት ገነፈለባት ማለት ምስጢር አመለጣት ማለት ነው» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ። «ግንባሬ ከተቀባ በኋላ ልነግርሽ ነበር፤ አሁን ልነግርሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከምሠራበት ማሳጅ ቤት ፊት ለፊት የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ የማይበጠስ ቁልፍ ሁሉ ይበጠስ ጀመር።»

«ታያለች?»

ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ራሷም አፈረች። ቴክ ግን አልተቆጣም።

«ታያለች። ግን የማገባት ዓይን ፈልጌ አይደለም።»

ከውጭ ባቡሯ ስታልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ትምህርት ቤቱስ?» አለች፣ መልሱን እያወቀች።

«ሽማግሌውን ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር አሳይቶኛል፤ ሄጄ እሠራበታለሁ። ግን እትዬ፣ እኔ እዚያ ሥራ አለኝ፣ ደንበኛ አለኝ፣ የማውቀው መንገድ አለኝ። አንቺ ልትጠብቂኝ ያመጣሽኝ መስሎሽ ነው፤ እኔ ግን ላይሽ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ አየኸኝ?»

«አየሁሽ እንጂ። ቤትሽ ጠባብ ነው፤ ወጥሽ ጨው ይበዛዋል፤ እግርሽ ያብጣል። መጦሪያው የወሰድሽኝ ቀን ግን፣ አንቺ ክፍሉ ስትገቢ ያሮጊቶቹ ድምፅ ተለወጠ። የታችኛዋ ባልቴት ሲሰድቡሽ እንደ ልጃቸው ነው የሚሰድቡሽ። እማ ሁሌ ቅዳሜ ካንቺ ጋር ካወራች በኋላ ቁጭ ብላ፣ 'ደህና ነኝ ትላለች፤ እውነቷን ይሆን?' ትለኛለች። አሁን እኔ እነግራታለሁ፤ ደህና ናት እላታለሁ።»

ዲልማያ አላለቀሰችም፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀላ። «ጨው አይበዛውም» አለች።

«ይበዛዋል።»

«ሱንታሊ ትችላለች?»

«እሷማ ጭራሽ ጨው ትረሳለች፤ ስትመጪ የሁለታችሁን ወጥ አቀላቅዬ እበላለሁ።»

ከዚያ ያሉት ቀኖች እንደ ውኃ አለፉ። የአራዊት ማቆያውን፣ የአትክልት ስፍራውን፣ ወንዙን፣ የቀረውን ሁሉ አዳረሱ፤ ብዙ ቦታ እሱ ፊት እሷ ኋላ ሆነው ነው የሄዱት። አለቃዋን ለፀደይ ፈቃድ ጠየቀች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሠርግ ብላ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነውና አለቃዋ ራሱ ደነገጠ፤ ወዲያው ፈረመላት። የሄደ ቀን ጠዋት ፀሐይ ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ሻንጣው ተጭኗል፤ ወይዘሮ ሺገኮ በከረጢት ሙሉ የቋጠሩለት ወይን ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የማገባ ዕለት አንቺ ሳትመጪ ሠርጉን አልጀምርም» አላት።

«እመጣለሁ አልኩህ። ግን ፖክራን እኔ የት አውቃታለሁ፣ ቴክ? ከመንደር በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣሁት። ቤታችሁ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«እኔ ምን ሥራ አለኝ ታዲያ? ስሚ፤ ከአውቶቡስ ስትወርጂ ደላላው ሁሉ ይከብሻል፤ ታክሲ፣ ሆቴል፣ ጀልባ ይሉሻል፤ ለአንዱም አትመልሺ። ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ። መንገዱን ለብቻሽ እንዳትሻገሪ፤ እዚያ አገር መኪናው መብራት አያከብርም፤ አንቺ ደግሞ እዚህ ለምደሽ ለምደሽ ቆመሽ ወፍ እስኪጮህልሽ ትጠብቂያለሽ። ሐይቁን አሳይሻለሁ፤ ገበያውን አሳይሻለሁ፤ ልብስሽን ሱንታሊ ትሰፋልሻለች። አንቺ ብቻ ከወረድሽበት አትነቃነቂ። ቆመሽ ጠብቂኝ። እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

«ሰማሽኝ፣ እትዬ?»

ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ላም ስትለው የኖረችው እህቱ፣ ሕይወቷን ሙሉ ለሱ መመሪያ ሰጥታ እንጂ ከሱ መመሪያ ተቀብላ አታውቅም።

«እሺ» አለችው።